ከዳቦ የተሠሩ ፊደሎች

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ጠባቂዋ ከኋላዬ በሩን ስትቆልፍ ቀና ብዬ የሰው ፊት ለማየት አልደፈርኩም። ሲሚንቶው ገና መታጠቡ ነበር፤ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ከጣሪያው ሥር ካለው ቀዳዳ የሚወርደው የማቀዝቀዣ አየር ማጅራቴን መታኝ። ውጭ ሪያድ በፀሐይ እየጋየች ነው፤ እዚህ ግን ሴቶቹ ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈው ተኮልኩለዋል። ኢንዶኔዥያዊቷም፣ ናይጄሪያዊቷም፣ ሐበሻዋም እኩል ይንቀጠቀጣሉ።

«ሐበሻ ነሽ?» አለችኝ አንዷ ከጥግ።

«አዎ።»

«ነይ ወዲህ እህቴ። እዚያ አትቁሚ፣ ብርዱ ይገባሻል።»

ከብርድ ልብሷ ግማሹን አካፈለችኝ። ስሟን አልጽፈውም። እሷም ሆነች ቤተሰቧ ዛሬ የት እንዳሉ ስለማላውቅ የማንንም ስም እዚህ አላነሳም።

የተያዝኩት ዓርብ ጠዋት ነው፤ ዐዚዚያ በሚባለው የሪያድ ሰፈር፣ ከመኪና ጋራዦች በላይ ባለች አንዲት ክፍል። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። አገር ቤት ሳለሁ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ሪያድ ከገባሁ በኋላ የሰው ቤት እያጸዳሁ፣ ባጥሐ ሰፈር ከሌሎች ሐበሾች ጋር ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። እዚያው ተወልደው አረብኛ ብቻ እየተናገሩ የሚያድጉ ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸው፣ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም፣ «ከአያቶቻቸው ጋር እንኳ በስልክ መግባባት አቃታቸው፤ እባክሽ ፊደል አስቆጥሪልን» ብለው ለመኑኝ። ዓርብ ዓርብ፣ ከተማው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ልጆቹን ሰብስቤ ማስተማር ጀመርኩ።

የዚያን ቀን የምናጠናው ድምፅ «ም» ነበር። ልጆቹ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ አሳርፈው ንዝረቱን እየዳሰሱ «ምምም» ሲሉ በሩ ተመታ። ከታች ያለ ጎረቤት የሰማው ይህንኑ ነው። ጸሎት መስሎት ለፖሊስ ጠቆመ፤ እዚያ ክርስቲያን ተሰብስቦ መጸለይ ክልክል ነው።

ፖሊሶቹ አብረውን የነበሩትን እናቶች ከነልጆቻቸው አወጧቸው። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ተለቀቁ። የሌላቸው ወደ ተርሒል ተወሰዱ፤ እዚያ የገባ ሰው የሚወጣው ወደ አውሮፕላን ነው። እኔን ለብቻ ለዩኝ።

መርማሪው ወጣት ነበር። አስተርጓሚው ካርቱም ውስጥ ከስደተኞች አማርኛ የለመደ ሱዳናዊ ነው።

«ያ ጸሎት የምንድን ነው?» አለኝ መርማሪው በእሱ በኩል።

«ጸሎት አይደለም። ድምፅ ነው።»

«የምን ድምፅ?»

«የፊደል።»

አስተርጓሚው ያልኩትን ተርጉሞ ቀጣዩን ጥያቄ ሲያመጣልኝ ራሱም ያፈረ መሰለኝ። «ፊደል በአፍንጫ ነው እንዴ የሚነበበው? ይላል።»

ከዚያ ድርጅቱን ጠየቁኝ። ማን እንደላከኝ፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው እንደሆንኩ፣ ከየትኛው ፓርቲ እንደሆንኩ፣ ያለ ፈቃድ ሰው የምሰበስበው ለምን እንደሆነ። «ልጆች ናቸው» አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። «ልጆች ናቸው» አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስረዝመውም። በግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በደንብ አልሰማም።

ብርድ ልብሷን ያካፈለችኝ ሴት ከደሴ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ወሎዬ ነበረች። ወደ ሠላሳ የተጠጋች ትመስላለች፤ ቀጭን ናት፤ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ትንሽ ሙቀት ሲሰማኝ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ በግራዬ ስለነበረች አልሰማኋትም። ዞሬ በቀኜ አደረግኳት።

«በምን አመጡሽ? ነው ያልኩሽ።»

«ፊደል ሳስተምር።»

«ወላሂ? ፊደልም ያሳስራል?»

«አሳሰረኝ።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «የኔ ደግሞ ፀጉሬ ነው» አለች።

ስታበጥር የረገፈውን ፀጉሯን አትጥለውም ነበር። እናቷ እንዳስለመደቻት በጨርቅ ቋጥራ ፍራሿ ሥር ታኖረዋለች። የማዳሟ ሕፃን ታመመ። ሐኪም ቤት ተመላልሰው አልሻል ሲለው ማዳም ክፍሏን በረበረች፤ ቋጠሮውን አገኘች። ሲሕር አሉት፣ ድግምት። በዚህ ክስ የተፈረደባቸው ሰዎች ሰይፍ እንደሚጠብቃቸው ሪያድ የኖረ ሁሉ ያውቃል። በክፍላችን ሲሕር የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። ምግብ ሲመጣ አንዳንዶቹ ሴቶች ከእሷ ጋር ከአንድ ሰሐን አይበሉም ነበር።

«ሕፃኑስ ተሻለው?» አልኳት።

«ማን ይነግረኛል? እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አላህ ይማረው እያልኩ ነው የምተኛው።»

ከቀናት በኋላ ግድግዳውን ተደግፈን ተቀምጠን ሳለ፣ በዝግታ፣ ለራሷ ያህል «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፣ ለ ሉ ሊ ላ» ማለት ጀመረች። ሳትሳሳት እስከ ፐ ፖ ድረስ ወረደችው። ገረመኝ።

«ታነቢያለሽ ማለት ነው!»

«እኔ? ምኑን ብዬ! በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እናቴን ተከትዬ ሄጄ ነው የሸመደድኩት። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላውቀውም። አንዷን ብቻዋን ካሳየሽኝ ከሀ ተነሥቼ እየቆጠርኩ ካልደረስኩባት ማን እንደሆነች አላውቅም። አንዳንዴም አልፌያት እሄዳለሁ።»

እንዲህ ዓይነት ልጆች ክፍሌ ውስጥ በየዓመቱ ነበሩኝ። ገበታው ፊት ቆመው እንደ ወፍ ይዘምራሉ፤ ከሰሌዳው መካከል «በ»ን ስታሳያቸው ዓይናቸው ይቅበዘበዛል። አስተማሪዎቻቸው ሰነፎች ይሏቸዋል። ሰነፎች ሳይሆኑ የተማሩት ዜማ ብቻ ነው።

«ላስተምርሽ?» አልኳት።

«በምን? ብዕር የለ፣ ወረቀት የለ።»

«በጆሮ።»

«ፊደል የሚያሳስር ከሆነ እንግዲህ በደንብ እንታሰርበት» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በአክብሮት «ኡስታዛ»፣ አስተማሪዬ፣ ትለኝ ነበር።

ፊደል ከማሳየቴ በፊት ድምፁን እንድትሰማ ፈለግኩ። «ማር በይ። መጀመሪያ ከንፈርሽ ምን ይሆናል?» አልኳት። «ይገጥማል» አለች። በዚያ ክፍል ከንፈር አስገጥሞ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ስንለቅም ዋልን፤ መስኮት፣ መብራት፣ ማዳም፣ ሙዲራ። ሙዲራ የጠባቂዎቹ አለቃ ናት። ቀጥሎ ቃሉን ቆራርጬ እሰጣት ጀመር። «ዳ፣ ቦ» ስላት «ዳቦ!» ትላለች። «መ፣ ስ፣ ኮ፣ ት» ስላት ግን ተቸገረች። «ስ»ን እንደ ዜማው ጎትታ፣ ጫና ሰጥታ ስለምትጠራው ድምፆቹ አልገጣጠም አሏት።

«ሳድሱን አታስጩሂው» አልኳት። «በትንፋሽ ብቻ ልቀቂው። ልክ ጎማ ሲተነፍስ፤ ስስስ። ት ደግሞ ምላስሽ ጥርስሽን ነክቶ ይመለስ፤ ሌላ ምንም አትጨምሪበት።»

ደጋግማ ሞከረች። «መ... ስ... ኮ... ት። መስኮት!» ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ናይጄሪያዊቷ ሴት ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራን ሳቀች።

ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ሲረጋ ወደ ቅርጹ ገባን። ከመጠጫው ኩባያ ጣቴን ነክሬ ወለሉ ላይ እጽፋለሁ፤ በዚያ ደረቅ አየር ጠባቂዋ ዞራ ሳትመለስ ይደርቃል። በተራ አላስተማርኳትም። ቃል የሚሠሩትን አስቀደምኩ፤ ማ እና ር፣ ቤ እና ት፣ ሰ፣ ላ፣ ም። የሚመሳሰሉትን ለያየኋቸው፤ ሰን ባሳየኋት ቀን አን አላሳየኋትም። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ስለሆኑ አንዱ ይበቃናል፣ ሌሎቹን በኋላ ትደርሺባቸዋለሽ አልኳት። ትልቁ ችግሯ መገመት ነበር። የመጀመሪያውን ፊደል ታይና ቃሉን ከራሷ ትጨርሰዋለች። «ማር»ን «ማታ» አለችኝ።

«አትገምቺ» አልኳት። «የማታውቂው ከሆነ አላውቀውም በይ። ነውር የለውም።»

«ማዳም ቤት አላውቅም ማለት ያስመታል።»

«እዚህ አያስመታም።»

ዳቦው የእሷ ሐሳብ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሚሰጠን ሳሙሊ ዳቦ ውስጡን እየቆነጠረች፣ በምራቋ እያሸች፣ ጣት የሚያህሉ ፊደሎች ሠራች። ማቀዝቀዣው ሥር ሲያድሩ እንደ ድንጋይ ይደርቃሉ። የውሃው ፊደል ይጠፋል፤ የዳቦው ይነሣል፣ ይዞራል፣ ቦታ ይለዋወጣል። «ሰማ»ን ሠርታ፣ «ሰ»ን አንሥታ በ«ላ» ስትተካው «ላማ» ሆነ። «ይሄ ምንም አይደለም» አለች። ከዚያ «ማ»ን አውጥታ በ«ም» ተካችው። «ላም» አለች። የማንም እጅ ሳያግዛት፣ ማንም ሳይነግራት ያነበበችው የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ወዲያው ፊደሎቹን ሰብስባ ከብርድ ልብሷ ጠርዝ፣ ስፌቱ በተተረተረበት በኩል አስገባቻቸው።

ፍተሻ የመጣብን አንድ ቀን ከቁርስ በኋላ ነው። ጠባቂዋ ብርድ ልብሱን ይዛ ስታራግፈው ፊደሎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

የደረቀ ዳቦ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ዛሬም አውቀዋለሁ። ሴቶቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። ከናይጄሪያዊቷ በቀር ሁሉም ወደ ግድግዳው ሸሹ። ጠባቂዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ «ኤሽ ሃዛ?» አለች፤ ምንድን ነው ይሄ? አልነካቻቸውም። ጮኻ ሙዲራዋን ጠራች።

ሙዲራዋ በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወለሉን አየች፤ ከዚያ ወሎዬዋን አየች። በምን ተከሳ እንደገባች ታውቃለች። እነዚያ ጥቃቅን ቅርጾች፣ በዚያ ክስ በተያዘች ሴት ብርድ ልብስ ውስጥ መገኘታቸው ምን ማለት እንደሆነ ለማናችንም ማስረዳት አላስፈለገም።

«የኔ ናቸው» አልኩ በምችለው አረብኛ። «እኔ ነኝ ያሠራኋት።»

ወሎዬዋ ተነሥታ ቆመች። «ሁሩፍ» አለች። «ሃዲ ሁሩፍ፣ ያ ሙዲራ። ፊደሎች ናቸው።»

«ፊደል?» አለች ሙዲራዋ። መነጽሯን አደረገች። ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ አመልክታ ጠባቂዋን «አውጫት» አለቻት።

ጠባቂዋ ኮሪደሩ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ደኅነኛውን ጆሮዬን ባዘነብልም የሙዲራዋን ድምፅ እንጂ የወሎዬዋን አልሰማም። ሙዲራዋ ምን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። ድግምት ከሆነ ሁለታችን የየራሳችንን እንቀባጥራለን፤ ፊደል ከሆነ ግን ሁለታችንም አንዱን ቅርጽ በአንድ ድምፅ እንጠራዋለን።

አስገቡኝ። ወሎዬዋን ጀርባዋን ወደ እኔ አዙረው አቁመዋታል። ሙዲራዋ መዳፏ ላይ አንድ ፊደል አድርጋ አሳየችኝ።

«ሰ» አልኩ።

ሌላ አነሣች።

«ማ።»

ሌላ አነሣች። «ት» አልኩ።

አራተኛውን አወጣች። ሁለት እግር ያለው ነው፤ የግራው አጥሯል። «ላ» የሚባለው የግራ እግሩ አጭር ነው። ግን «ለ» ሆኖ ወለሉ ላይ ሲወድቅ እግሩ ተሰብሮም ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ሻካራ ነው፤ ከዚያ ርቀት መለየት አልቻልኩም። እሷ ለ ብላ እኔ ላ ብል፣ እሷ ላ ብላ እኔ ለ ብል አበቃ። የተማሪዬን ጀርባ አየሁት። ከጀርባዋ ምንም አይነበብም።

«ይሄ ተሰብሯል» አልኩ። «ምን እንደነበር አላውቅም።»

ሙዲራዋ ወደ ወሎዬዋ ዞራ «አንቺ ምን ብለሽኝ ነበር?» አለቻት።

«መክሱር» አለች ሳትዞር። የተሰበረ። «ማ አዕሪፍ።» አላውቅም።

ሙዲራዋ መነጽሯን አወለቀች። ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ የተበተኑትን ፊደሎች አንድ በአንድ ከወለሉ ለቀመች። ጠባቂዋ ልታግዛት ስትል በእጇ ከለከለቻት። ሁሉንም በመሐረብ ሰብስባ ስታበቃ «ዳቦ ኒዕማ ነው» አለችን፤ የፈጣሪ ጸጋ ነው ማለቷ ነው። «አይረገጥም፣ አይጫወቱበትም። ኸላስ፣ በቃ።» ስለ ድግምት አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔን ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ፣ እሷን በሩ አጠገብ እንድንቀመጥ አዘዘች። እንዳንነጋገርም ከለከለችን።

ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጥንም። ሁለት ጊዜ ካቴና አስገብተው ወደ ፍርድ ቤት ወሰዷት። ሁለተኛውን ጊዜ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ምግቧን ሳትነካ ዋለች። ምን እንዳሏት መጠየቅ አልቻልኩም። ናይጄሪያዊቷ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት ጠባቂዋ በሩን ከፍታ በጣቷ ጠራችኝ። «ያላ፣ ሰፈር!» አለች፤ ጉዞ ማለቷ ነው። ወደ ተርሒል፣ ከዚያ ወደ አገሬ።

ወደ በሩ ስሄድ በወሎዬዋ ፊት አለፍኩ። ልትናገረኝ አልቻለችም፤ ጠባቂዋ እላያችን ላይ ቆማለች። ወሎዬዋ የሻሿን ጫፍ አስተካከለች። ኩባያዋን አነሣች፤ ጣቷን ነከረች፤ እንደ ቀድሞው በብርድ ልብስ ሳትከልለው፣ በጠባቂዋ ጫማ ፊት፣ ትልቅ ትልቅ አድርጋ ወለሉ ላይ ጻፈች።

አለሁ።

አን አስተምሬያታለሁ፤ ለንም አስተምሬያታለሁ። ሁን ግን አላሳየኋትም። ሀን ታውቃለች፤ ቡ እና ሙ ላይ በቀኝ በኩል የምትወጣዋን ሰረዝ አይታለች። በልጅነቷ የሸመደደችው ዜማ ከሀ ቀጥሎ ሁ እንደሚመጣ ይነግራታል። ሦስቱን አገናኝታ ራሷ ደረሰችበት። ጠባቂዋ ወለሉን አየች፤ እሷን አየች፤ በጫማዋ አላጠፋችውም። እኔ «አየሁት» ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። በሩ ሲዘጋ ውሃው ገና አልደረቀም ነበር።

አገሬ ገብቼ ወደ ማስተማሩ ተመለስኩ። አሁንም አንደኛ ክፍል ነኝ። ልጆቼ በዝማሬ ስለማይጮኹ ሱፐርቫይዘሮች ሲመጡ ክፍሉ ቀዝቃዛ ይመስላቸዋል። በቀኝ ጆሮዬ በኩል እያስቀመጥኩ አንድ በአንድ አዳምጣቸዋለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል።

ከሪያድ የሚመለሱ ሴቶችን ባገኘሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ። አንዷ ሞት ተፈርዶባት ነበር አለችኝ። ሌላዋ የለም፣ ማዳሟ ይቅር ብላት ተለቃለች፣ ደሴ ሱቅ ከፍታለች አለችኝ። ሁለቱም ያወሩት የሰሙትን ነው። ደሴ ድረስ ሄጄ አፈላልጌአለሁ፤ የማውቀው ስሟን ብቻ ነበር፣ ያ ስም ደግሞ እዚያ በየቤቱ አለ።

ፊደሉን አልጨረስንም ነበር። እነዚያን አፍ ውስጥ የሚፈነዱትን ድምፆች፣ ጠን፣ ጨን፣ ጰን፣ ከባዶች ስለሆኑ ለመጨረሻ አቆይቻቸው ነበር። ማን እንዳሳያት አላውቅም።